ኦቦ ለሚ የቀረጹት ቪዲዮ

ሲሠራ በቪዲዮ የታየ ሰው ካያችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ሌላ አንድ ሰው ሥራውን አቁሞ ስልክ ይዞለታል ማለት ነው። እጁ በጭቃ የተለወሰ ሰው በምኑ ይቅረጽ? አዲስ አበባ ቢሮው የተቀመጠው አለቃችን ግን ይህ አይገባውም። ረጅም ሪፖርት ሰልችቶኛል፣ በየቀኑ አጠር ያለች ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ጣሉልኝ አለን።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የጋለበት ነው። እኛ ሱሉልታ ዳር የቦኖ ውሃ መስመር እንዘረጋለን። ቡድን ከተባልን፣ እኔ፣ ከወላይታ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ታምራትና ሁለት ቆፋሪዎች ነን። ስልኬ የሚወጣው ለእረፍት እጃችንን ስንታጠብ ብቻ ስለነበር፣ ግሩፑ ላይ የሚታየው ታምራት ቆሎ እየቃመ የአለቃችንን አነጋገር ሲያስመስል፣ እኛም በሳቅ ስንንከተከት ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አለቃችን ግን ሥራ ካላሳያችሁኝ ፕሮጀክቱን እዘጋዋለሁ ብሎ ዛተ።

እሺ፣ እናሳየው ብለን በማግስቱ መስመሩ ወደሚቀጥልበት፣ ማንም ወደማያውቀን ወደ ማዶው መንደር ተሻገርን። ታምራት ሜትር ዘርግቶ መሬቱን ይለካል፣ እኔ እቀርጻለሁ። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ አገር፣ መሬት እየለኩ መቅረጽ! ብልህነታችንን አያችሁልኝ? ብዙም ሳይቆይ ቀያሽ መጣ ተባለና ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበቡን። ስልኬን ወደ ኪሴ ከተትኩ። ታምራትም መዝሙር በሹክሹክታ ጀመረ።

ደግነቱ የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ለሚ ደረሱ። እስቲ የቀረጻችሁትን ክፈቱት አሉ። ከፈትኩላቸው። ቆሎ፣ ሳቅ፣ አሁንም ሳቅ። እስከ መጨረሻው አይተው ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«ተዉ ኢጆሌ፣ መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው እንዲህ አይስቅም።»

ውሃው ለእነሱም እንደሚደርስ፣ አለቃችን ግን ሊዘጋው እንደዛተ ነገርናቸው። ይሄማ አይሆንም፣ በሉ ቆፍሩ፣ እኔ እቀርጻችኋለሁ ብለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወጣቶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላችን ቆሙ። እንደዚያ ቀን ቆፍረን አናውቅም።

አለቃችን ገና ዛሬ ሥራ ጀመራችሁ ብሎ ደወለ። የሳቁን ቪዲዮዎች በሙሉም አስጠፋን። ውሃው ማዶ ደረሰ፤ እኛም ተበተንን።

ታምራት ይናፍቀኛል፤ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። የቀረችኝ ያቺው የኦቦ ለሚ ቪዲዮ ናት። በቀደም ልጄን ጠርቼ በሕይወቴ ደስ ያለኝን ጊዜ ላሳይሽ ብዬ ከፈትኩላት። አንገታችንን ደፍተን ስንቆፍር አየች፤ ከኋላችን የቆሙትን ባለ ዱላዎች አየች፤ ከዚያ እኔን በሐዘኔታ አየችኝና፣

«አባዬ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተፈታህ?» አለችኝ።