ጣሪያው ቤት ውስጥ የገባ ዕለት

እኔ አደጋን ያን ያህል አልፈራም። የምፈራው ለአደጋ የሚደረገውን ዝግጅት ነው። አደጋ ቢያንስ ይሉኝታ አለው፤ ይመጣል፣ የሚያጠፋውን ያጠፋል፣ ይሄዳል። ዝግጅት ግን ኮሚቴ አለው፣ ንዑስ ኮሚቴ አለው፣ አፈጻጸም አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያስተባብር ሰው አለው። አውሎ ነፋስን የሚያስተባብር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ለዚህ ይሆናል ሥራውን ቶሎ የሚጨርሰው።

ይህን የምለው በምሬት ነው። በመምህርነት ከደብረ ብርሃን ወደ ካፋ በተመደብኩ ጊዜ፣ ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ፣ እትዬ ወርቄ ከሚባሉ ሴት ግቢ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። እትዬ ወርቄ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንሰታቸውን ራሳቸው የሚተክሉ፣ ቡናቸውን ራሳቸው የሚለቅሙ፣ በዚያ ሰፈር ከሁሉ ቀድመው ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱ ሰው ናቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እሳቸውና ቡናቸው፣ በሌላው እኔና አልጋዬ። ቡናው ደርቆ፣ ገና ሳይፈለፈል፣ እስከ ወገብ ተከምሮ የተሻለ ዋጋ ይጠባበቃል። የእሳቸው የዓመት ኑሮ ያ ክምር ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። እርጥበት እንዳይነካው ከመፍራታቸው የተነሳ፣ እኔ ፊቴን ታጥቤ በቡናው ክፍል በር ሳልፍ እንኳ ከአገጬ የሚንጠባጠበውን ውሃ በዓይናቸው ይከተሉት ነበር።

ዘመኑ ሰው ሁሉ የተደራጀበት ዘመን ነው። አንድ ለአምስት ይባላል፤ አምስት ቤት በአንድ መሪ ሥር ይታቀፋል። የእኛ መሪ ኮቺቶ የሚባል ጎረቤታችን ነበር። ኮቺቶ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ። ክፉ ቢሆን ተጣልተን እንገላገል ነበር። ኮቺቶ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው።

በልግ ሊገባ ሲል ከወረዳ አንድ ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣና ሰበሰበን። ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል አለ። ስጋቱ ውሸት አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት ነፋስ የአንድ መማሪያ ክፍላችንን ጣሪያ ገንጥሎ ጎረቤት እንሰት ላይ አስተኝቶታል። ባለሙያው ብዙ ከተናገረ በኋላ ምክሩን ሲያጠቃልል፣ ነፋስ ሊወስደው የሚችል ነገር ሁሉ ተነስቶ ቤት ውስጥ ይግባ አለ። ቅርጫቱን፣ ሰሌኑን፣ ጀሪካኑን፣ የተሰጣውን ልብስ ማለቱ ነው። ጤነኛ ሰው እንደዚያ አይደለም እንዴ የሚረዳው?

ኮቺቶ እጁን አወጣ። በእኛ ቀበሌ ቅርጫት ነፋስ ወስዶት አያውቅም፣ ጀሪካንም ወስዶት አያውቅም፣ ነፋስ ወስዶት የሚያውቀው ቆርቆሮ ነው፤ ታዲያ በመመሪያው መሠረት መጀመሪያ ቤት መግባት ያለበት ቆርቆሮ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ። ባለሙያው ጥቂት አሰበ። እዚህ ላይ «ኧረ ጣሪያስ ይቅር» ቢል ኖሮ እኔም ዛሬ ደሜ አይፈላም ነበር። እሱ ግን ጥሩ አስተያየት ነው አለ! በዚያ ዘመን አስተያየት መጥፎ ሆኖ አያውቅም፤ መጥፎ የሚሆነው ተቃዋሚው ነው። ወዲያው ለሌላው አርአያ የሚሆን ሞዴል ቤት ተፈለገ። ከአምስታችን ቤት ቆርቆሮ ያለው ደግሞ የእትዬ ወርቄ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮቺቶና ሦስት ጎረቤቶች ጣሪያው ላይ ወጥተው ሚስማር ይነቅላሉ። እትዬ ወርቄ ከታች ቆመው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ይጮኻሉ። ኮቺቶ ከላይ ሆኖ በአክብሮት፣ መምህር እንኳን ደህና መጣህ፣ አለኝ። ምን እንኳን ደህና አለው? ሰውዬ፣ ቤት ቤት የተባለው እኮ በጣሪያው ነው፣ ጣሪያውን አውርደህ የምታስገባው ምን ውስጥ ነው አልኩት። ኮቺቶም፣ ሐሳብ ካለህ በግምገማው ላይ ታነሳዋለህ አለኝ። ግምገማ የሚለውን ቃል የሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ድምፁን ይቀንሳል። እኔም ቀነስኩ።

ቆርቆሮው አንድ በአንድ በበሩ ገባ። የቡናው ክፍል ሞልቷልና የት ይቀመጥ? አልጋዬ ላይ! ከበላዬ የነበረው ጣሪያ እኔን አስነስቶ እሱ ተኛ። ሸራ የላቸውም ወይ፣ ቡናውን አይሸፍኑም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበራቸው። ሸራውን ነፋስ ይወስደዋል ተብሎ፣ ተጣጥፎ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቆልፎበታል።

ይባስ ብሎ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሥራው ሲያልቅ እትዬ ወርቄ ቆጮ በጎመን አቀረቡ። ጣሪያቸውን ላወረዱባቸው ሰዎች! እኔ ብሆን ድንጋይ ነበር የማቀርብላቸው። ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ እንዴት ያበሏቸዋል ብላቸው፣ «ልጄ፣ ግቢዬ የሠራ ሰው ሳይበላ ሄዶ አያውቅም፤ ሥራው ክፉ ቢሆንም ደክሟል» አሉኝ። እነኮቺቶም ደክሟቸው ኖሮ በደንብ በሉ። ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ የለም፤ ለማየት እኮ ከቤት መውጣት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ነፋሱ አልመጣም። የእንሰት ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ገና ከማዕዱ ሳይነሱ የመጣው ዝናብ ነው። ለዓይን የሚያምር፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ማንንም የማይገፋ የካፋ ዝናብ።

እትዬ ወርቄ «ቡናዬ!» ብለው የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁላችንም ተነስተን ከአልጋዬ ላይ ቆርቆሮ እያነሳን ወደ ቡናው ሮጥን። ጣሪያው ላይ መልሶ ለመምታት ጊዜ የለም፤ ሚስማሩም ሲነቀል ተጣሟል። ስለዚህ ክምሩን ከበን፣ ቆርቆሮውን በጭንቅላታችንና በእጃችን ተሸክመን ቆምን። ሞዴሉ ቤት በመጨረሻ ምሰሶው መሪው ኮቺቶ፣ ማገሩ መምህሩ ሆነ። ከላይ የከለከልነው ውሃ ደግሞ ከቆርቆሮው ጠርዝ ወደ መሬቱ እየወረደ በክምሩ ሥር ይገባል። እትዬ ወርቄ በጉልበታቸው ተንበርክከው የራሰውን ቡና በቀሚሳቸው ይዝቃሉ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን እጄ ቢፈታ የሆነ ሰው እመታ ነበር፤ ማንን እንደምመታ እንጃ።

ዝናቡ ሲያባራ የክምሩ ግማሽ ርሷል። ደጅ አውጥተን ብናሰጣውም ፀሐይ በዚያ ሰሞን ፊት ነሳችን፤ ቡናው ሻገተ።

ግምገማው ደረሰ። ባለሙያው በቀበሌያችን አንድም ቆርቆሮ በነፋስ አለመወሰዱን በኩራት ገለጸ። እኔም የቀነስኩትን ድምፅ መልሼ አወጣሁና፣ የእትዬ ወርቄ ቡናስ፣ የሴትዮዋ የዓመት ኑሮስ አልኩ። ባለሙያው አልተቆጣም። መምህር፣ ቡናውን ያበላሸው ዝናብ ነው፣ የእኛ ዕቅድ የነፋስ ነው፣ ዝናብ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ነው አለኝ።

እትዬ ወርቄ ተነሱ። በስብሰባ ተናግረው አያውቁም። በካፊኖኖ፣ ረጋ ብለው ጥቂት ተናገሩና ተቀመጡ። ኮቺቶ አንድም ቃል ሳያስቀር ተረጎመው፤ ጥፋቱ የእኛው ነው፣ ለነፋሱ ይህን ሁሉ ስንሰበሰብ ዝናቡን ሳንጠራው ቀረን፣ ቢጠራ ኖሮ ዕቅዱን ሰምቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር ብለዋል።

ከመካከላችን የሳቀ የለም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ብቻ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ ዝናቡ የሚጠራው በቀበሌው በኩል ነው ወይስ በአንድ ለአምስቱ ሲል ጠየቀ።