የሠርጉ ተራ አስከባሪ

በዚህች አገር ያለ ጋሽ ደገፋ የተሠረገ ሠርግ የለም። በእናንተ ሰፈር ስማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ግን አሉ። ድንኳኑ ገና ሳይወጠር የሚደርሱት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው "በሩ በዚህ በኩል ነው እንዴ የሚሆነው?" የሚሉት ሰውዬ እሳቸው ናቸው። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም ግን ይሂዱልን ለማለት አይደፍርም።

የእኛው፣ የአሰላው ክቡር ጋሽ ደገፋ፣ የመቀመጫ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ ናቸው። ሹመቱን ያገኙት መናኸሪያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሳጉሬ ሚኒባስ ተራ አስከባሪ ነበሩ። አሥራ ስምንት ሰው፣ ሁለት ኩንታል ገብስና አንድ እግሩ የታሰረ በግ አስገብተው በሩን በጀርባቸው ገፍተው የዘጉ ሰው፣ ድንኳን አያስፈራቸውም። "ኮታ! ኮታ! ግቡ! ቦታ አለ!" ይላሉ፣ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው፤ ኮታ በኦሮምኛ ኑ ማለት ነው። የሚገርመው እውነትም ቦታ ይገኛል።

ፕላናቸውን ወረቀት ላይ አያወጡም። ትልቅ ትሪ ያመጡና ጥራጥሬ ይደረድሩበታል። ባቄላ የሥጋ ዘመድ ነው። ሽምብራ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ሥጋቸው ለብቻው ታርዶ ለብቻው ስለሚሠራ በራሳቸው ወጥ ቤት በኩል ይሰለፋሉ። አተር ጠላ የማይቀምሱት ጴንጤ ወዳጆቻችን ናቸው፤ ቦታቸው ለስላሳው ሣጥን አጠገብ ነው። ስንዴ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ በልቶ ቶሎ ስለሚወጣ በር በር ላይ ይበተናል። ጋሽ ደገፋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አንዲት ባቄላ በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉ፣ አንዲት አክስት ከሙሽሮቹ አጠገብ ተነስታ ሦስተኛ መስመር ገባች ማለት ነው።

ይግባኝ የለም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ፊት ለፊት ሄደው ሊቀመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዙና "ጌታዬ፣ ይሄ የአማት ነው። ልጅዎን ሲድሩ እዚሁ አስቀምጥዎታለሁ" አሏቸው። ቪዲዮ ቀራጩ ሽማግሌዎቹ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ ቢል "ካሜራው እግር የለውም እንዴ? አንተ ፈቀቅ በል" ተባለ። በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገጥሙባቸው ደግሞ የድንኳኑን ምሰሶ አስነቅለው መሃላቸው ላይ አስተከሉት። ሰዎቹ ሲበሉ ውለው ሳይተያዩ ወጡ።

አሁን እውነቱን ልናገር። እኔ እኚህን ሰው አራት ዓመት ሙሉ አኩርፌያቸው ነበር። ከእሳቸው ይልቅ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼ ገብረ መድህንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሳጉሬ ላይ የበኩር ልጁን ሲድር፣ የሙሽራው አጎት እኔ ሱፌን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ደረስኩ። ጋሽ ደገፋ አየት አደረጉኝና ወስደው የት አስቀመጡኝ? በር ላይ! ከስንዴዎቹ ጋር! ቁመቱ እኔን በሚያክል ድምፅ ማጉያ ሥር! ፊት ያለው ወንድሜ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እሱ ነው ያዘዘው" ብዬ ደመደምኩ። ምሳ ሳልበላ፣ ቻው እንኳ ሳልል ወጣሁ። እሱም በልጄ ሠርግ ቀን ጥሎኝ ሄደ ብሎ ተቀየመ። በቃ፣ አራት ዓመት ተዘጋጋን።

ዘንድሮ ጥር ላይ አንዲት ልጄን ናዝሬትን ልድር ሆነ። አባታችን ካረፉ ወዲህ በእሳቸው ቦታ ተቀምጦ የሚመርቀው ጋሼ ነው። ልጄ ደግሞ ፊት ለፊት ነገረችኝ፣ "አባዬ፣ የጋሼን ጉልበት ሳልስም ከዚህ ቤት አልወጣም።" የጥሪ ካርድ በሰው ላክሁ። መልስ የለም።

ሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀረው ጋሽ ደገፋ ትሪያቸውን ይዘው መጡ። ሳይወድ በግድ ቡራኬ የሚሰጥ ቄስ ይመስል ፊቴን አጨፍግጌ ተቀበልኳቸው። ደረደሩ፣ ደረደሩና፣ ከእኔና ከባለቤቴ ከእስከዳር ባቄላ ጎን ሦስተኛ ባቄላ አስቀመጡ።

"ይሄ ማን ነው?"

"ወንድምህ።"

"አይመጣም፣ ጋሽ ደገፋ። ያንሱት።"

አላነሱትም። መነጽራቸውን አወለቁ። "ዘሪሁን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለሰው ግን እንዳታወራ።" (ይኸው አውርቼዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።) "የዚያን ጊዜውን ፕላን በቀለች ቀቅላዋለች።"

በቀለች ባለቤታቸው ናቸው።

"ምኑን?"

"ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ፣ የተለቀመ እህል መስሏት ንፍሮ አድርጋዋለች። ጎረቤት ተጠርቶ እየተበላ ደረስኩ። አንተን ራሴ ሳልቆረጥምህ አልቀርም። እንግዲህ ጠዋት ከጭንቅላቴ አውጥቼ በጥድፊያ ደረደርኩ፤ አንተን ረሳሁህ። ስትመጣ የቀረው ወንበር እሱ ብቻ ነበር። ወንድምህማ ያስያዘልህ ከጎኑ ነው።"

"ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ትርፍ ጭኜ እንጂ ጥዬ ሄጄ አላውቅም" አሉ፣ ወደ ትሪው እያዩ። "እንዴት አድርጌ 'ረሳሁህ' ልበልህ?"

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ቀደመኝ። ከሳቁ ቀጥሎ የመጣው ግን ኀፍረት ነበር። ለካ ወንድሜን ያጣሁት በንፍሮ ነው! በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ሳጉሬ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆመው? ጋሽ ደገፋ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰው ተመለሱና "ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝ። አንድ ቃል አልመለሰልኝም" አሉ። "ባቄላው ግን ከትሪው አይነሳም።"

የሠርጉ ቀን የጭላሎ ተራራ ንፋስ ድንኳኑን ሊነቅለው ይታገላል፣ ከበሮው ይመታል። የሙሽራው ወገኖች ከጮሌ በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ የተባሉት በሦስት መጡ። ወንበር አለቀ። እንግዳ ሁሉ ዓይኑን የጣለው እኔ አጠገብ ባለችው ባዶ ወንበር ላይ ነው። ጋሽ ደገፋ ግን መደገፊያዋን ጨብጠው ቆመዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ "ቦታ አለ" ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ቃል ብቻ ይደጋግማሉ፦ "ተይዟል!" ለሙሽራው አጎት "ተይዟል!" ለእድሩ ሊቀ መንበር "ተይዟል!"

ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ደረሰ። ናዝሬት ወደ ባዶው ወንበር አየችና ከንፈሯን ነከሰች። እስከዳር በክርኗ ጎሰመችኝ። ምን ላድርግ?

ያኔ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። የሳጉሬ ሚኒባስ! ጋሼ ገብረ መድህን ጋቢውን ደርቦ ወረደ። ከኋላው ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ምራቱ፣ የልጅ ልጆቹ፤ ዘጠኝ ሆነው መጡ። ዘጠኝ ሰው፣ ላንዲት ወንበር!

ጋሽ ደገፋ ዓይናቸው በራ። "ኮታ! ኮታ! ቦታ አለ!" ስንዴዎቹን አስነሱ፣ ወጣቱን አስቆሙ፣ አንዱን አግዳሚ ለስድስት አከፋፈሉት። ስምንቱን አስቀመጡና የጋሼ ሚስት ብቻ ቆመው ቀሩ። ክቡርነታቸው ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው ቃኙና እኔ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ።

"ተነስ።"

"እኔ? የሙሽራዋ አባት?"

"የቤት ሰው ነህ። ተነስ!"

ተነሳሁ። ጋሼ ከተያዘለት ወንበር ተነስቶ መንገዴ ላይ ቆመ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝ። "አንተ ደግሞ፣ በንፍሮ ይኮረፋል?" አለኝና አቀፈኝ። አለቀስኩ። ሰው ልጁን ስለሚድር ነው ብሏል፤ ይበል።

ከዚያ እግሬ ወዳገኘው ሄድኩ። ልብ ያልኩት ቆሜ ነው፦ በር ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር፣ ጋሽ ደገፋ አጠገብ። አራት ዓመት ያኮረፍኩባት ያችው ቦታ! ከዚያ ሆኖ ግን ሁሉም ይታያል። ናዝሬት የጋሼን ጉልበት ስትስም፣ እሱም እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ሲመርቅ፣ እስከዳር በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ሰውዬው በየሠርጉ ለምን ቆመው እንደሚውሉ ያኔ ገባኝ።

"አሁንም አላስቀመጡኝም ብለህ ታኮርፍ ይሆናላ?" አሉኝ በጆሮዬ እየጮኹ።

ልመልስላቸው ስል በሩ ላይ አንድ የረፈደበት እንግዳ አንገቱን አስግጎ፣ ድንኳኑ መሙላቱን አይቶ ሊመለስ ሲል አየሁት። ጋሽ ደገፋ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ክንዱን ያዝኩት።

"ኮታ! ግባ እንጂ!" አልኩት። "ቦታ አለ!"