የሐጂ ታሂር የገና ስጦታ

(የገና ዕለት ከሰዓት፤ ቆቦ፣ ሜዳው ዳር። ኸይረዲን ባጃጁን ይወለውላል። በሐጂ ታሂር የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ የሚሠራው ጎረቤቱ ብርሃነ የገና ዱላ በትከሻው፣ ፌስታል በእጁ ይዞ ቆሟል።)

ብርሃነ፦ የምሥራች ስልህ “ምስር ብላ” ነው የሚባለው! ስንቴ ልንገርህ?

ኸይረዲን፦ ዛሬ ጾሙ ተፈቷል አላልክም? በገና ማን ምስር ይበላል? ዶሮ ብላ!

ብርሃነ፦ በቃ ተወው! አንተ ባጃጅህን ንዳ።

ኸይረዲን፦ እሺ፣ ምስርም ብላ፣ ዶሮም ብላ። የማን ምሥራች ነው?

ብርሃነ፦ የእኔ ነዋ! ሐጂ ታሂርን ሰደብኩት!

ኸይረዲን፦ (ጨርቁ ከእጁ ይወድቃል) አለቃህን? ማሻአላህ! ይኼማ ድንኳን ያስጥላል።

ብርሃነ፦ የበዓሉን ትርጉም ባታውቅ አልፈርድብህም። ጌታ ሲወለድ እረኞቹ በደስታ በያዙት ዱላ ተጫወቱ። የገና ጨዋታ ከዚያ መጣ።

ኸይረዲን፦ እነሱም አለቃቸውን ሰደቡ?

ብርሃነ፦ ኧረ አንተ ሰውዬ! ስድቡ የጨዋታው ወግ ነው። የዛሬን ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ ጌታው መቆጣት አይችልም። ነውር ነው!

ኸይረዲን፦ ጨዋታውን መች ጀመራችሁ?

ብርሃነ፦ አሁን ልንጀምር ነው።

ኸይረዲን፦ ሐጂን የሰደብካቸውስ?

ብርሃነ፦ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ። ምላሴን ላሟሙቅ ብዬ።

ኸይረዲን፦ ሰው ነበረ?

ብርሃነ፦ ከዋጃም ከጎብዬም የመጣ ገበያተኛ ጢም ብሎ! “አንተ ታሂር” አልኩት፣ “ምስማር ስትሸጥ ሹል ሹሉን ቆርጠህ የምታስቀር ስስታም! ሚዛንህ እንኳ ከአንተ ይሻላል፤ አንዳንዴ ወደ ሰው ያዘነብላል!”

ኸይረዲን፦ ወላሂ ያምራል። እሳቸውስ?

ብርሃነ፦ ምንም! ቀስ ብሎ “ቁልፉን አምጣ” አለኝ፤ ሰጠሁት። በበዓል ቀን ቁልፍ ይዤ እንዳልንገላታ አስቦ እኮ ነው።

ኸይረዲን፦ አይ፣ አዛኝ ሰው!

ብርሃነ፦ ከዚያ “ሂድ፣ ሁለተኛ በዚህ ደጅ እንዳላይህ” አለኝ። እረፍት ሰጠኝ!

ኸይረዲን፦ እስከ መቼ?

ብርሃነ፦ ቀን አልቆረጠም። ቸርነቱን አየህልኝ? ስጦታም ጨምሮልኛል። (ፌስታሉን ይከፍታል)

ኸይረዲን፦ (አጮልቆ) ነጠላ ጫማ... ኩባያ... ይኼ ጆሮው የተሰበረው ኩባያ ያንተው አይደል? ሱቅ ሻይ የምትጠጣበት?

ብርሃነ፦ የእኔው ነው። ሌላው አለቃ የማትፈልገውን ዕቃ ያሸክምሃል፤ ሐጂ ግን የምወደውን ያውቃል!

ኸይረዲን፦ (ራሱን እያከከ) እኔ መቼም ቶሎ አይገባኝም፤ ቀስ ብለህ አስረዳኝ። ቁልፉ ሐጂ ጋ ነው?

ብርሃነ፦ ሐጂ ጋ።

ኸይረዲን፦ ነገ ሱቁን ማን ይከፍታል?

ብርሃነ፦ ማንም! ከእኔ ሌላ ሠራተኛ የት አለው? ቦታዬ ባዶውን ይውላል።

ኸይረዲን፦ (ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ ሞተሩን ያስነሳል) የምሥራች!

ብርሃነ፦ አሁን ለመድክ! ምስር ብላ! የማን ነው?

ኸይረዲን፦ የእህቴ የራዊያ! ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት እንደተቀመጠች ነው። ሌላ ሰው ሳይቀድማት ሄጄ ልንገራት!

ብርሃነ፦ የምን ሥራ? የእኔን... (ዱላው ከትከሻው ይወርዳል) ኸይረዲን! ቁም! እኔንም ሐጂ ጋ አድርሰኝ! እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው!

ኸይረዲን፦ (እየነዳ) አብሽር ብርሃነ! አንተ እረፍት ላይ ነህ፤ አርፈህ ተጫወት!