የሰፊው ቧንቧ ምረቃ

እኛ ዘንድ ስፋት እንደ ሙያ ይቆጠራል። ቢሮው የሰፋለት ኃላፊ ዕውቀቱም አብሮ የሰፋ ይመስለዋል። አዳራሹ ሲሰፋ ስብሰባው ይረዝማል እንጂ ሐሳብ ሲጨምር አላየሁም። ሦስት ሰው በአንድ ጠዋት የሚጨርሰውን ጉዳይ አሥራ አንድ ሰው ያለበት ኮሚቴ ሲይዘው እስከ መጪው ክረምት ይንከባለላል። ይህን ስላችሁ ከዳር ሆኜ የምታዘብ እንዳይመስላችሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ከከተማው ወጣ ብዬ ሽንኩርት መትከል የጀመርኩ የኮሚቴ አባል ነኝ። አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ።

ውሃችን ኮረብታው ላይ ካለ ምንጭ በቀጭን ቧንቧ ይወርዳል። በሳምንት አንድ አንድ ቀን ይደርሰናል፤ ተራ የሚያከፋፍሉን የውሃ አባት ጋሽ አሊ ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚደርሳቸው እትዬ ዘይነባ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያች ሽንኩርት ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ማሳቸው ከፈፋው ማዶ ነው፤ ቧንቧው ግን ወዲህ ያበቃል። ደግነቱ አፉ ጠባብ ስለሆነ ውሃው እየተስፈነጠረ ፈፋውን ይሻገርና እሳቸው ቦይ ላይ ያርፋል።

ታዲያ አንድ ቀን ውሃ አነሰ ተባለና ሊቀመንበራችን ቧንቧው አፍ ውስጥ ጡጫውን ለማስገባት ሞከረ። አልገባም። ችግሩ በዚሁ ተጠና። ከምንጩ የሚመጣው ቀጭኑ እንዳለ ሆኖ የመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ብቻ ጭን በሚያህል ቧንቧ እንዲተካ ተወሰነ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለሌላ አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም። በስብሰባው ላይ እትዬ ዘይነባ ብቻ ተነሥተው፣ ከላይ የሚመጣው ያው ከሆነ ታች ቢሰፋ ምን ይጨምራል ብለው ጠየቁ። አስተያየት ነው ተብለው ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩም ወደ እኔ ዞሮ የሳይንሱን ወገን ጠየቀኝ። ያው ውሃ መንገዱ ሲሰፋለት እንደሚዘገይ፣ የዘገየ ውሃ ደግሞ እንደማይዘል አውቃለሁ። ይህን በፈተና የሳተ ተማሪ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ግን ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ ምን ልበል? ሰፊ ጥሩ ነው አልኩ። ጭብጨባውንም የጀመርኩት እኔ ነኝ።

አዲሱ ቧንቧ የተገጠመ ዕለት ውሃው ከሰርግ ቤት በልቶ እንደወጣ ሰው እየተንቀራፈፈ መጣ። ከአፉ ደርሶ ተንጠባጠበና ፈፋው ውስጥ ወደቀ። ሊቀመንበሩ አልደነገጠም፤ ቧንቧው አዲስ ስለሆነ ውሃው ገና አልለመደውም አለ። ውሃው እስኪለምድ የእትዬ ዘይነባ ሁለት ተራ አለፈ። የቆላውን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ልማድ አይጠብቅም። ሁለት መደብ ሽንኩርት ደረቀ፣ የቀረውም ቢጫ ሆነ። እኔ እሳቸውን ሳይ መንገድ መቀየር ጀመርኩ። አፍሬ ነበር።

በሦስተኛው ተራቸው ቢጫ ጀሪካን ቆርጠው፣ አንገቱን ወደ ውጭ አድርገው ቧንቧው አፍ ላይ በላስቲክ ጠፈሩት። ውሃው ቧንቧውን ሞላና በጠባቧ አንገት ተስፈንጥሮ ማዶ ገባ።

ዕድላቸው ሆኖ ያ ቀን የምረቃው ቀን ነበር። ሊቀመንበሩ ከወረዳ የጋበዛቸውን እንግዶች ይዞ ሲመጣ ጀሪካኑን አየና ሰፊው ቧንቧ በስፋቱ ይታይ ዘንድ እንዲነሣ አዘዘ። እሳቸው ተራዬ ነው ቢሉም አልሰማቸውም፤ በገዛ እጁ ነቀለው። ውሃው ዝም ብሎ ከቧንቧው አፍ ሥር ወረደና የእንግዶቹን ጫማ አራሰ። ያጨበጨበ የለም።

እትዬ ዘይነባ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብለው መልሰው ጠፈሩት።

«ልማቱን አይታችኋል። አሁን ዞር በሉልኝ፣ ሽንኩርቴ ይጠጣበት።»

እንግዶቹ ዞር አሉ። ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ ጀሪካኑ የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ እንደሆነ አስረዳቸው፤ እነሱም ጻፉት። እኔም በዚህ መሀል ሹልክ ልል ስል እትዬ ዘይነባ አዩኝ።

«መምህር፣ ወላሂ ልጠይቅዎ፤ አንቱ ይሄን ሳያውቁት ቀርተው ነው?»

አላውቅም ነበር ብል ያስተማርኳቸው ልጆች ያፍሩብኛል። አውቅ ነበር ብል የደረቁት ሁለት መደቦች ፊት ለፊቴ ናቸው። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም፤ ተራቸው ሳያልቅ ፈፋውን ተሻግረው ቦያቸውን መክፈት ያዙ።