ሳይክሌና ሦስቱ ሽማግሌዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። አለ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ መኪና አለው፣ ወይ ከቤቱ አይወጣም። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይህች ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ናት። የሚገርመው ደግሞ ቁልቁለቱ ለእኛ አይደርሰንም። ጠዋት ሥራ ስንሄድ ዳገት፣ ማታ ስንመለስም ዳገት... ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ተማሪ ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን ጠይቄ "ቁጭ በይ" ተብያለሁ።

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታችን ደግሞ የዳገት ጫፍ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ አይናገርም፤ ይተነፍሳል። እኛም ለምደነዋል። ወንበር እንሰጠውና ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ በጨዋ ደንብ ግድግዳ ግድግዳ እናያለን።

የአክስቴ ልጅ ኤርሚያስ ከዐረብ አገር ሲመለስ ሳይክሉን ይዞ የመጣው እንግዲህ እዚህ ዳገት ላይ ነው። ተራ ሳይክል እንዳይመስላችሁ። ባትሪና ሞተር አለው፤ ፔዳሉን ረገጥ ስታደርጉት ሞተሩ "አለሁልህ" ብሎ ያግዛችኋል። ኤርሚያስ እዚያ በረሃ ውስጥ፣ ተራራ ላይ የተተከለ የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ነበር። ዛፍ የሚባል የማያውቀውን የድንጋይ ተራራ በዚሁ ሳይክል እየተጠማዘዘ ሲወጣና ሲወርድ ነው የኖረው።

"መንገድ ላይ ምን ያጋጥምሃል?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"ምንም። አንድ ግመል ካየሁ ያ ቀን ለእኔ በዓል ነው" አለኝ።

አገሩ ከገባ በኋላ ግን ሳይክሉን ዞር ብሎም አላየው። ተራራ የጠገበ ሰው ነው፤ አሁን የሚወደው ታክሲ ነው። ስለዚህ ሳይክሉን ለእኔ ሰጠኝ። ለእኔ! ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ ተመልሼ ለምሄደው ለእኔ።

አንድ ችግር ደግሞ አለ። ኤርሚያስ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ነው። የሳይክሉ መቀመጫ በእሱ ልክ ከፍ ተደርጎ በዚያው ዝጎ ቀርቷል። እኔ ስቀመጥበት እግሬ መሬት አይነካም። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ቆሜ እወጣበታለሁ፤ ለመውረድም ድንጋይ ወይም ደረጃ እፈልጋለሁ። ድንጋይ ከሌለ መውረድ የለም። ይህን ያዙልኝ።

ሰው እንዳያየኝ የምነዳው ማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ ብቻ ነበር። ያ እሑድ እስኪመጣ ድረስ...

ያ እሑድ ታላቅ እህቴን ሰናይትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ! አባቴ ጋሽ መኮንን ሽማግሌ መመለስ ነፍሱ ነው። እርግጥ ወጉም ነው። ሴት ልጅ ያለው ቤት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ "ልጃቸው ከብዳቸው ነበር" ይባላል፤ አንድ ጊዜ መመለስ ጨዋነት ነው። አባቴ ግን መጀመሪያ "እንመካከር" ብሎ መለሳቸው፤ ቀጥሎ ሲመጡ ደግሞ "አልተመካከርንም" ብሎ መለሳቸው።

በዚህኛው ከተመለሱ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ እንደማይመጡ አስቀድመው አስነግረዋል። እጮኛዋንም ቤተሰቦቹ "ሌላ ቤት ይፈለግልህ" እያሉ ይዘውታል። ሽማግሌዎቹን ያስመረራቸው የአባቴ ነገር ብቻ አይደለም፤ ዳገቱም ነው። ሰናይት ከሐሙስ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

እኛ ሴቶቹ ሽማግሌ ሲመጣ ጓዳ ስለምንገባ ሽማግሌዎቹ እኔን አያውቁኝም። እኔ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ አጥንቻቸዋለሁ። አንዱ ረጅምና ባለከዘራ ናቸው፤ ተናጋሪው እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ወፍራም ናቸው። ሦስተኛው ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እማዬ ለስላሳ እንዳልተገዛ ትዝ አላት። ኤርሚያስ ከእድሩ ወንበር ሊያመጣ ሄዷል። እማዬ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሳይክሉን አየችው።

"እማዬ፣ ሰው ያየኛል" አልኩ።

"ይይሽ። እህትሽ ቆማ ትቅር?"

ዘንቢል አንጠለጠልኩና ወጣሁ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት እኔን አትጠይቁኝ፤ የሚያውቁት የሰፈሩ ዶሮዎች ናቸው። ፍሬኑን ጨምድጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። (እናንተ እንዳትሞክሩት።) ጥግ ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች "ፓይለቷ፣ ቦሌ በዚያ በኩል ነው" ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ሱቁ ደረጃ ስላለው እዚያ ወረድኩ፤ ለስላሳውን ገዝቼ ዘንቢሉን መሪው ላይ ሰቀልኩና ከደረጃው ተነሥቼ ወደ ዳገቱ።

ዳገቱ ላይ ነው ጉዱ! ፔዳሉን ነካ ሳደርገው ሳይክሉ ይወጣል። ሰውነቴ ሳይሞቅ፣ ትንፋሼ ሳይቆረጥ፣ ዕድሜ ልኬን ያለቀስኩበት ዳገት እንደ ምንጣፍ ተነጠፈልኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ግን ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ዘነቡ አዩኝ። ሰፈራችን ዳገት ላይ ያለ ነገር አይቶ ዝም አይልም፤ ይገፋል። ጋሪ ይገፋል፣ አልነሣም ያለ ታክሲ ይገፋል። እትዬ ዘነቡም "ውይ ልጄን፣ ብቻዋን" ብለው ሽንኩርታቸውን ጥለው ከኋላዬ ደረሱና ባላቸው ኃይል ገፉኝ። ሞተሩና እትዬ ዘነቡ ሲተባበሩ ምን እንደሚፈጠር የሳይክሉ ፋብሪካ አላሰበበትም። ተተኮስኩ።

ልብ ገዝቼ ወደ ፊት ሳይ ዳገቱ መሐል ሦስት ነጭ ጋቢ ቆሟል። አንዱ ከዘራ ይዟል...

ቆመው ይተነፍሳሉ።

"ዝም ብለሽ አታልፊም ነበር?" የምትሉ ካላችሁ ያደጋችሁት የት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ታላቅ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ? ያውም ትንሽ ቆይተው ቤቴ የሚገቡትን? "ያቺ ባለጌ የዚህ ቤት ልጅ ኖሯል" ቢሉስ? መቆም ደግሞ አልችልም፤ ድንጋይ የለም። የቀረኝ አንድ መላ ብቻ ነው፤ መዞር።

"እንደምን ዋላችሁ?" አልኩ፣ መሪውን ጠምዝዤ እየዞርኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ?" አሉ ባለከዘራው። ይህን ሲሉ ግን እኔ ከጀርባቸው ነኝ። ሰውን ጀርባ ሰጥቶ ሰላም ማለት ነውር ነውና እሳቸውም ዞሩ። እሳቸው ሲዞሩ እኔ በባርኔጣው በኩል ብቅ ብያለሁ። ባለባርኔጣውም ዞሩ። የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። ጤና ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ምስጋናው ይደጋገማል፤ አቋርጦ መሄድ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። እኔ እየዞርኩ ስጠይቅ፣ እነሱም ፊቴን እያዩ ለመመለስ ሲዞሩ... ሦስት ሽማግሌዎች መሐል መንገድ ላይ እንደ ወፍጮ ሲሽከረከሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረምሶቹ ከታች ያፏጫሉ።

"ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ ባለከዘራው።

የፈራሁት መጣ። የጋሽ መኮንን ነኝ ብል ሰናይት አለቀላት፤ እህቷ ሽማግሌ የምታሽከረክር ሙሽራ ማን ይወስዳል? ብዋሽ ደግሞ ኃጢአት ነው።

"የሰፈሩ ልጅ ነኝ" አልኩ። ውሸት አለበት?

በዚህ መሐል ወፍራሙ ሽማግሌ "ዞረብኝ" አሉና እንዳይወድቁ እጃቸው የደረሰበትን ያዙ። እጃቸው የደረሰው ከሳይክሌ ኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ ነው። ሳይክሉ ተንገዳገደ። ልወድቅ ስል ደንግጬ ፔዳሉን ረገጥኩ። ሞተሩም ሥራው ነውና አገዘኝ። ወፍራሙ ሽማግሌ ዳገቱን መውጣት ጀመሩ።

"ኧረ!" አሉ መጀመሪያ። ትንሽ ሄድ ስንል፣ በሌላ ድምፅ፣ "ኧረ...?" አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ዞር ብዬ ባላያቸውም የደስታ ዝምታ መሆኑ ገብቶኛል።

ባለከዘራው ከኋላ "አንተ፣ ጥለኸን ልትገባ ነው?" ብለው ተጣሩ። ሽማግሌ ተነጣጥሎ ደጅ አይደርስም። ሮጥ ብለው ከዘራቸውን ብረቱ ላይ አቆላለፉና ያዙ። ባለባርኔጣውም እንዳይቀሩ የባለከዘራውን የጋቢ ጫፍ ጨበጡ። የከተማው ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም ነበር፤ ልደታ የመጀመሪያውን ባቡር ያየችው ያን ዕለት ነው።

ልቀቁኝ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን "ወራጅ አለ" ማለት የማልችል ሰው ሦስት አዛውንት ልቀቁኝ ልል ነው? ፔዳሉን ብተወው ደግሞ አራታችንም የእትዬ ዘነቡ ሽንኩርት ላይ ነን። ስለዚህ ረገጥኩ። በየበሩ ሰው ወጣ። አንዲት ጎረቤታችን በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ ወደ ቤቷ ስትጣራ ሰማኋት፤ "ኑ እዩ፣ የጋሽ መኮንን ልጅ ሽማግሌ ጎትታ መጣች!"

"የማን ልጅ?" አሉ ባለከዘራው ከኋላዬ።

አልሰማሁም፤ ረገጥኩ።

አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን ለእምቢታ አሰናድቶ ጨርሷል። ከዚያ አየን... እዚህ ላይ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ይግባችሁ። የሴት ልጅ ቤት ይለመናል እንጂ አይለምንም። ሽማግሌ በገዛ እግሩ ደክሞ፣ ላብ አጥምቆት ደጅ ሲደርስ ነው ክብሩ። እኛ ግን ልጃችንን ውሰዱልን ብለን ትራንስፖርት የላክን መሰልን! አባቴ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ።

በር ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ወርጄ በጓሮ በኩል ጓዳ ገባሁ። ሰናይት ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። በመስኮት ሁሉንም አይታለች።

"ገደልሽኝ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ካልተባለለት አይቀመጥም። ዛሬ ግን አንድ አዲስ ነገር ነበር፤ አንዳቸውም አያለከልኩም። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ጉሮሮ እናውቀዋለን፤ "ጊዜ ስጡን" የሚለው ጉሮሮ ነው። ሰናይት እጄን ጨመቀችው።

ባለከዘራው ግን ቀደሙት። "አቶ መኮንን፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ። ሁለቴ መልሰውናል፤ ወግ ነው ብለን ሄደናል። ዛሬም ሊመልሱን ይችላሉ። ግን ዛሬ በእግራችን አልመጣንም፤ ልጅዎ ጎትታ ነው ያመጣችን። ሰፈሩም ቆሞ አይቷል። አሁን ቢመልሱን 'በልጁ አስጎትቶ አስመጥቶ መለሳቸው' ነው የሚባለው። እኛ ምን እንሆናለን? ተጎታቾች ነን። እርስዎ ግን..."

አባቴ ኮርኒሱን አየ።

ወፍራሙ ሽማግሌ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ፣ "መመለሱ ካልቀረም እንዳመጣችን ታውርደን" አሉ።

መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ። አባቴ ቁልቁለቱን ሲያስበው ከፊቱ ላይ አየሁት። ሳይክሉን አሰበው፣ እኔን አሰበኝ፣ ሦስቱን ጋቢዎች አሰበ፣ ዶሮዎቹን ሁሉ ሳያስባቸው አልቀረም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ በሕይወቱ ለሽማግሌ ብሎት የማያውቀውን አንድ ቃል ተናገረ።

"ተቀመጡ።"

ጓዳው በእልልታ ተናጋ። ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የገደልኳትን ረስታዋለች።

ሰናይት ተዳረች። የእኔ ችግር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ወሬው ከጌጃ ሰፈር ተነሥቶ ጎረቤት ሰፈሮቹን አብነትንና ጠመንጃ ያዥን አዳረሰ። አሁን ሽማግሌ የሚልክ ወንድ ሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው እኛ ቤት ነው፤ የልጅቷ አባት አስቸጋሪ ናቸው፣ እሑድ ከሰዓት ትመቺያለሽ ወይ እያለ። እማዬ በር ሲንኳኳና መልከ መልካም ጎረምሳ ስታይ ደስ ብሏት ትነሣለች። የመጣው ለሳይክሉ መሆኑን ስትሰማ ትቀመጣለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መቼም አንድ ቀን የእኔም ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባዬም አመሉ ነው፤ "እንመካከር" ብሎ ይመልሳቸዋል፣ ደግሞ ሲመጡ "አልተመካከርንም" ይላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ምስኪኖቹ ዳገቱ መሐል ትንፋሽ አጥሯቸው ይቆማሉ። ሳይክሉን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚነዳው የለም። እስቲ ፍረዱኝ፤ ጨዋ ልጅ የራሷን ሽማግሌዎች ራሷ ጎትታ ታመጣለች? አታመጣም። ነውር ነው። በፍጹም አላደርገውም።

ባትሪውን ግን ማታ ማታ እሞላዋለሁ።