መሬት ያልነኩ ጫማዎች ጄኔራል

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ ወዳድ አለ፤ ጫማ የሚያደርግና ጫማ የሚያስቀምጥ። የመጀመሪያውን ልብ አትሉትም፤ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። ቤቱ ስትገቡ ወንበር የለም፤ ያለው ካርቶን ነው። ካርቶኑ ላይ ልትቀመጡ ጎንበስ ስትሉ ደግሞ ይጮህባችኋል።

የእኛ ሕንፃ ድርሻ፣ ከእኔ ቤት በአንድ ግድግዳ የሚለዩት ክቡር ጄኔራል ናቸው። ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። የጦር ሜዳ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ አንቱታዬም ከማዕረጉ ጋር የመጣ ነው። "ሠራዊቴ" ማለት ያበዛሉ። "ቅዳሜ ሠራዊቴን አዘምታለሁ።" "ሠራዊቴ ትናንት ተመታብኝ፤ አታናግሩኝ።"

ሠራዊቱ ቦት ነው። ቦት ማለት ሰው መስሎ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ፕሮግራም ነው። ስም ያለው ጫማ በጥቂቱ ተሠርቶ በሱቁ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ፣ እኔና እናንተ ገና መነጽራችንን ስንፈልግ፣ ቦቱ ቁጥር መርጦ፣ አድራሻ ሞልቶ፣ ከፍሎ ጨርሷል። ከዚያ ጄኔራሉ ያንኑ ጫማ ላጣው ሰው መልሰው ይሸጡለታል። ሰውየው በማን ምክንያት እንዳጣው ባይነሳ ይመረጣል።

ሱቁ "ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ" ስለሚል እያንዳንዱ ቦት ስም ያስፈልገዋል። ስሙ የእኛ ነው። እኔ በስሜ ምን ያህል ጫማ እንደገዛሁ ፈጣሪና ጄኔራሉ ያውቃሉ። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ እግሯ የሕፃን እግር ያህላል፤ በሱቁ መዝገብ ግን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሳትሆን አትቀርም። "ስምሽን ልዋሰው ወይ?" ሲሏት ቀና ሳትል "ውሰደው፤ እኔም ብዙ አልተጠቀምኩበትም" አለቻቸው። የእናታቸውን ስም ብቻ አልነኩም። "የእናቴን ስም ለቦት አልሰጥም" ይላሉ፤ ጄኔራል ቢሆኑም አስተዳደግ አላቸው።

በቤታቸው ሕጉ አንድ ነው፦ ጫማ በጨርቅ ይያዛል። ነጩ ጨርቅ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። "የእጅ ቅባት ጠላት ነው" ይላሉ። እግርማ አይነሳ። "ጫማ እግር ከገባ ሞተ!" እሳቸው ራሳቸው ለሠርግም ለለቅሶም የሚያደርጉት የፕላስቲክ ሸበጥ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው አፈሰሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ፍራሹን፣ ቴሌቪዥኑን ያሸሽ ነበር። ጄኔራሉ ካርቶኖቻቸውን አልጋቸው ላይ ደርድረው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ጃንጥላ ዘረጉላቸው። እኔ ባልዲ ይዤ ስገባ እሳቸው ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ውኃው ማጅራታቸው ላይ ጠብ እያለ፣ "ተረፉ" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ታመው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ሊያዳምጣቸው ጎንበስ ሲል እሳቸውም ጎንበስ ብለው የሐኪሙን ጫማ አዩ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ፌክ ነው። ስፌቱን አይተውታል?" መርፌውን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ እንደወጋቸው ነግረውናል።

ከሳሎኑ መሃል፣ ከውስጥ መብራት ያለው የመስታወት ሣጥን ቆሟል። ውስጡ ነጭና ብርቱካናማ ጫማ ተቀምጧል፤ የሠራዊቱ የመጀመሪያ ምርኮ። ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው። የጄኔራሉ እግር አርባ ነው። ቢያደርጉት እንኳ እየቀዘፉ ነው የሚሄዱት። "አይሸጥም" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አንድ ቀን የጠየቀ ሰው መጣ። ማዕዘኑ ላይ ባለው መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ሊያገባ የደረሰ ወጣት ነው። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሙሽሪትን ያየ መሰለ።

"በዚህ ጫማ ነው ማግባት የምፈልገው" አለ። "ልጅቷን ያገኘኋት በእሱ ነው።"

"እንዴት ሆኖ?" አሉ ጄኔራሉ።

"መጀመሪያ የወጣ ጊዜ ሱቁ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፌ ነበር። እሷ ከኋላዬ ነበረች። በሩ ሲከፈት ኦንላይን አልቋል ተባልን። አንድ ሰው ጠራርጎ ወሰደው አሉ። እኛም ያንን ሰው አብረን ስንራገም ተዋወቅን።"

ጄኔራሉ ያን ጠዋት ሠራዊታቸው የት እንደዋለ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ የሸበጣቸውን አፍንጫ ማየት ጀመሩ።

"ይሄ አይሸጥም" አሉ ቀስ ብለው። "ግን ፋብሪካው ያንኑ ጫማ ቅዳሜ በድጋሚ ያወጣዋል። ከእሱ አመጣልሃለሁ። ከሠርግህ በፊት እጅህ ይገባል፤ ቃሌ ነው።"

ጄኔራል ቃሉን ከሰጠ ሕንፃው ሁሉ ይዘምታል። ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ልብስ ሰፊዋና የጄኔራሉ እናት ስልካችንን ይዘን ካርቶን መሃል ቆምን። የሚከፍለው ካርድ ቀድሞ ገብቶልናል።

"እናንተ ተጠባባቂ ጦር ናችሁ" አሉን ጄኔራሉ። "ዋናውን ውጊያ ሠራዊቱ ይጨርሰዋል። እናንተ ዝም ብላችሁ አርባ ሦስትን ተጫኑ።"

አብረዋቸው የሚኖሩትን እናታቸውን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በልብስ ንጽሕና ቤት ቆመው ሲተኩሱ ኖረዋል። እግራቸው አብጦ፣ የአውራ ጣታቸው አጥንት ወደ ጎን ወጥቶ፣ ጫማ የሚባል አይቀበልም። ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ በቢላ ቀደውታል፤ አጥንቱ መስኮት እንዲያገኝ። እንደዚያም ሆኖ ደረጃ የሚወርዱት በጎን፣ ብረቱን ይዘው፣ እያንዳንዷን ደረጃ እየተራገሙ ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። "ዝመት!" አሉ ጄኔራሉ፤ ቁልፉን መቱት። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ተርመሰመሰ። ጄኔራሉ ጨፈሩ። ጭፈራው መሃል ላይ ሳለ ስክሪኑ ቀላ።

"ትዕዛዝዎ ተሰርዟል። ትዕዛዝዎ ተሰርዟል። ትዕዛዝዎ ተሰርዟል።"

ሱቁ በዚህኛው ዙር ወጥመድ ዘርግቷል፤ ከሰው ጣት የፈጠነውን ሁሉ ያባርራል። በእኔ ስም የዘመተው ቦት ስለተባረረ እኔም ተባረርኩ። ልብስ ሰፊዋም ተባረረች። "በሕይወቴ ሮጬ አላውቅ፤ ፈጠንሽ ተብዬ ተቀጣሁ" አለች።

ጄኔራሉ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። የራሳቸው ካርቶን ላይ! እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም።

"ለልጁ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?" አሉ። "ሁለተኛ ጊዜ ላሳጣው ነው። እማዬ፣ ተይው በቃ።"

"ቆይ አታጣድፈኝ" አሉ እማማ፣ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው። "ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ ይለኛል። ማነው እሱ? ስንት ዓመት ግብር ስከፍል ሰው ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም!"

ጄኔራሉ ብድግ አሉ። "ገብተሻል! እማዬ፣ ገብተሻል!"

"የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጡ ነው የሚለው። ይሄኛው ምሰሶው ብቻ ነው። ምሰሶ ይቆጠራል?"

"እማማ፣ የመሰለዎትን ይጫኑ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የመሰለኝንማ አልጫንም። የሆነውን ነው የምጫነው።"

እኔ ምሰሶው አይቆጠርም አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ይቆጠራል አለች። ጄኔራሉ ጨርቃቸውን ነከሱ። እማማ ሁለታችንንም አልሰሙንም። ከመብራት ወደ ብስክሌት አለፉ፤ "ይሄ ጎማው ተንፍሷል" ብለው ለብስክሌቱ አዘኑ፤ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሁሉንም ጨረሱ።

"እንኳን ደስ አለዎት አለኝ" አሉ። "ምን አድርጌ ነው?"

ጄኔራሉ እናታቸውን አቅፈው አነሱ። ልብስ ሰፊዋ እልል አለች። የካርቶን ግድግዳ ተናደ፤ ማንም ዞሮ አላየውም።

ጫማው የደረሰው ጄኔራሉ በሌሉበት ነው። ፖስተኛው የእማማን ስም ጠርቶ ለእማማ አስረከበ። በስማቸው የመጣላቸውን ዕቃ ከፈቱ። ከፈቱና አደረጉት።

እኔ በሬን ስከፍት በደረጃው የሚወርድ ሰው አየሁ። ቀጥ ብሎ፣ ብረት ሳይዝ። እማማ ናቸው። "ዳቦ ልገዛ ነው" አሉኝ። ከሕንፃው ወጥተው ዳቦ ቤቱን አለፉት። ማዕዘኑን ዞሩ። በሌላው ማዕዘን ብቅ አሉ። ውጭ እያካፋ ነበር። ነጩ ጫማ ነጭ መሆኑ አብቅቷል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ "እማማ፣ ልጅዎ ይገድለናል!" ስትል እሳቸው ሦስተኛውን ዙር ጀምረው ነበር።

ጄኔራሉ መጡ። ከኋላቸው የመድኃኒት ቤቱ ሙሽራ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ። እማማና ጄኔራሉ ደረጃው ሥር ተገናኙ። ጄኔራሉ ጭቃውን አዩ።

"ልጄ" አሉ እማማ፣ "እግሬ እኮ ዝም አለኝ።"

ጄኔራሉ ጠጋ አሉ። ከዚያ ተንበረከኩ። ጫማውን ሊያወልቁ መስሎኝ ነበር። "እንዲህ አይታሰርም፤ ጠልፎ ይጥልሻል" አሉና ማሰሪያውን ፈትተው፣ አላልተው፣ ደግመው አሰሩት። በባዶ እጃቸው። ጨርቅ አላሉም።

ሙሽራው ሁሉንም አይቷል። "በቃ፣ ግድ የለም" አለ፤ ጥርሱ ግን ገብቷል። "እኔ ሌላ..."

"ተከተለኝ" አሉት።

ቤት ገብተው የመስታወቱን ሣጥን ከፈቱ። ጫማውን አውጥተው አስታቀፉት።

"አይሸጥም አላልክም?"

"አልኩ። ያኔ ተሰልፈህ ያጣኸው ይሄው ነው። በሱቁ ዋጋ ውሰደው።"

በሱቁ ዋጋ! ቃሉ ከአፋቸው የወጣው መንጋጋ ሲነቀል እንደሚወጣው ነው። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ታየ። ሙሽራው ሳያስበው አገጫቸውን ሳማቸው።

በሠርጉ ላይ ጫማው ከሙሽሪት ቀሚስ የበለጠ ፎቶ ተነሣ። ጄኔራሉ በሸበጣቸው መጥተው፣ ሙሽራው ሲጨፍር ባዩ ቁጥር "ጣቱ ጋ አትጠፈው! ጣቱ ጋ አትጠፈው!" እያሉ ዙሪያውን ሲሮጡ ዋሉ።

ባለፈው ስኳር ልበደር ቤታቸው ገባሁ። እማማ አልነበሩም፤ ዙር ላይ ናቸው። ካርቶኑ ተመልሶ ተደርድሯል። ሠራዊቱ አዲስ ሥልጠና ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ መጫን እየተማረ። የመስታወት ሣጥኑ መብራት እንደ ድሮው በርቷል። ውስጡ፣ ግራና ቀኙ በቢላ የተቀደደ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል።

"ስንት ነው?" አልኳቸው።

"አይሸጥም።"

እጄን ሰደድ ሳደርግ ጩኸታቸው ሕንፃውን አናወጠው።

"በጨርቅ!"

ከበሩ ጨርቁን አወረድኩ። እጄን ደግሞ አስቀድሜ በሱሪዬ ጠረግኩ።