አፍንጫ የሌላት ጀልባ

ዋና የማይችል ሰው ስለ ጀልባ ሲመክር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ ኮምቦልቻ ኑ። ከጀሪካን የሰፋ ውሃ ባናይም፣ ጀልባ እንዴት መሠራት እንዳለበት የማያውቅ ሰው ግን ከመካከላችን አይገኝም።

ጎረቤቴ ሰይድ አናጢ ነው፤ ባለቤቱ ዘይነባ የጭነት መኪና ሸራ ትሰፋለች። ሁለቱ ተጋግዘው ሐይቅ ላይ ለሚደረገው ውድድር የሸራ ጀልባ ሠሩ። ሆዷ ዝርግ፣ ፊቷ ድፍን። ያያት ሁሉ «በር ናት ወይስ ገበታ?» ይላል። ሰይድም «ሹል ጀልባ ውሃ ይሰነጥቃል፤ ይቺ በላዩ ትንሸራተታለች» ይላል። ይበል እንጂ በተወዳደረች ቁጥር መጨረሻ ነው የምትወጣው። በመጨረሻ ተናደደና «ወላሂ፣ አሁንም ከተሸነፈች አፍርሼ አልጋ እሠራባታለሁ!» ብሎ ማለ።

ዘይነባ ግን ያየችው ነገር ነበር። ጀልባዋ በጎኗ ስታዘነብል ውሃ የሚነካው ሆዷ ይጠባል፤ ያን ጊዜ ትከንፋለች። ሰይድ ደግሞ ማዘንበል ስትጀምር ይፈራና የሸራውን ገመድ ይለቀዋል።

«ገመዱን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ መሪውን ያዝ» አለችው። «እርስዎ ደግሞ ጋሽ ታደሰ፣ ከፍ ባለው ጎን ይንጠለጠሉ።»

ለምን እኔ እንደተመረጥኩ ጠየቅኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ዓይኗን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ቦርጭም ለካ ሥራ ያገኛል!

የውድድሩ ቀን ነፋሱ ከኮረብታው ወረደ። ዘይነባ ገመዱን ወጥራ ያዘች፤ ጀልባዋ በጎኗ ጋደል አለች፤ እኔም ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ተንጠለጠልኩ። በረርን። ከደሴ የመጣውን የጌታሁንን ሹል ጀልባ ጥለነው አለፍን።

«ልቀቂው! መገልበጣችን ነው!» ይላል ሰይድ።

«ዝም ብለህ ምራ!»

የመጨረሻው ምልክት እፊታችን ሲደርስ ተገለበጥን። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ባልለብስ ኖሮ ይህን የሚያወራላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ጌታሁን በአጠገባችን አልፎ አሸነፈ።

ሰይድ የጀልባዋን ጠርዝ እንደያዘ «አበቃ» አለ። ድምፁ የልቅሶ ነበር።

ዘይነባ እርጥብ ሻሿን ከዓይኗ ገፋ አደረገች። «እስከ የት እንደምታዘነብል አናውቅም ነበር፤ አሁን አወቅን። በል ግፋ!»

ገፋን፤ አቃናናት፤ ውሃ እየተንጠባጠበብን ከሁሉ መጨረሻ ገባን።

«መሐላዬስ?» አላት ሰይድ ዳር እንደወጣን።

«ድሃ አብልተህ የመሐላህን ከፋራ ታወጣለህ። ጀልባዋን ግን አትነካትም።»

ጌታሁን እንኳን ደስ አለህ ብንለው አልሰማንም። የጀልባችንን ዝርግ ሆድ እየዳበሰ ዞራት፤ ደግሞ ዞራት። በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእኔም እንዲህ ያለች ሥሩልኝ» አለ።

«እንሠራልሃለን» አለችው ዘይነባ፣ ሸራዋን እየጨመቀች። «ካሸነፍንህ በኋላ።»